የሎኪ ሕንፃ የጠዋት ሰልፍና የወ/ሮ አውነ ዝውውር

የሎኪ ሕንፃ ተከራዮች ኮሚቴ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21
ቦታ፦ ሄልሲንኪ፣ ካላሳታማ፣ የሎኪ ሕንፃ 21ኛ ፎቅ፣ ከሳውናው ጋር ግድግዳ የሚጋራው ትንሹ አዳራሽ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00

የተገኙ አባላት፦

ወ/ሮ ማርግሬት ብሎምክቪስት፣ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ — ሰብሳቢ
አቶ ላውሪ ኒስካ፣ ጠበቃ፣ 12ኛ ፎቅ — አባል
ወ/ሮ ፒርኮ ማኪላ፣ የምድር ቤቱ ምሳ ቤት ባለቤት — አባል
አቶ ሬይኖ ቩኦሬላ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሠራተኛ፣ 17ኛ ፎቅ — አባል
ወ/ሮ አውነ ሳሎካንጋስ፣ የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ፣ 17ኛ ፎቅ፣ ከአቶ ሬይኖ ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ — አባል
አቶ ኦስሞ ካርፒነን፣ የካርታ ሥራ ድርጅት፣ 9ኛ ፎቅ — ጸሐፊ

ያልተገኙ አባላት፦ የሉም። ከወ/ሮ አውነ በቀር ሁሉም ወደ 21ኛ ፎቅ የመጡት ለየብቻቸው በሊፍት በመሆኑ፣ የመጀመሪያው አባል የመጨረሻውን ሲጠብቁ ሦስት ስኒ ቡና ጠጥተዋል። ወ/ሮ አውነ በደረጃ መጥተው ከሁሉም ቀድመው ደርሰዋል።

1. መክፈቻና ምርጫ

ሰብሳቢዋ አባላቱን እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አስታወቁ። ቀጥለውም ጸሐፊ መሆን የሚፈልግ እንዳለ ጠየቁ። ዝምታ ሆነ። በዚህ ሕንፃ ልማድ ዝምታ እሺታ ስለሆነ ሁሉም እሺ እንዳሉ ተቆጠረ። ከእነዚህ ውስጥ ማን ይሁን ሲባል፣ አቶ ኦስሞ ካርፒነን አፋቸው ፑላ በሚባለው ጣፋጭ ዳቦ ተሞልቶ ስለነበር ዝምታቸው ከሌሎቹ ረዘመና ተመረጡ። ጸሐፊው ምርጫውን በአክብሮት ተቀብሏል። ደስ እንዳላለው ግን እንዲመዘገብ ጠይቆ፣ መዝጋቢው ራሱ ስለሆነ ጥያቄው ወዲያውኑ ተፈጽሞለታል።

በደንቡ መሠረት ቃለ ጉባኤውን አንብበው በፊርማቸው የሚያጸድቁ ሁለት አረጋጋጮች ያስፈልጋሉ። ሰብሳቢዋ፣ ፊት ለፊት የሚቀመጡ ሰዎች ቢሆኑ ሥራው ይቀላል በማለት አቶ ሬይኖንና ወ/ሮ አውነን አቀረቡ። አቶ ሬይኖ ጆሯቸው ቀላ። ወ/ሮ አውነ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሁለቱም በሙሉ ድምፅ ተመርጠዋል።

የቀድሞውን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ሲባል ጸሐፊው የሚከተለውን ማስገባት ግድ ሆኖበታል። አቶ ሬይኖ ስልሳ የሞላቸው ላጤ ናቸው። ወ/ሮ አውነ ባለቤታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል። አቶ ሬይኖ ወ/ሮ አውነን እንደሚወዱ በ17ኛው ፎቅ የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ወ/ሮ አውነ ናቸው። ይህ ጉዳይ በአጀንዳ ስላልተያዘ ውይይት አልተደረገበትም።

2. አጀንዳ ስለ ማጽደቅ

የቀረቡት አጀንዳዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የጠዋቱ የሊፍት ሰልፍ፣ ሁለተኛው የወ/ሮ አውነ ዝውውር። አቶ ላውሪ በጠበቃነታቸው እንዳሳሰቡት፣ ከሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ያልቀረበ ማናቸውም ነገር በስብሰባው ሊነሣ አይችልም። ወ/ሮ ፒርኮ፣ ያመጡት ሄል የገባበት ፑላ ትኩስ በመሆኑ ሁለት ሳምንት እንደማይቆይ ገልጸው ይህም በጽሑፍ መቅረብ ነበረበት ወይ ብለው ጠየቁ። አቶ ላውሪ ከበሉ በኋላ መልስ እንደሚሰጡ ተናገሩ። በኋላም አልሰጡም።

3. የጠዋቱን ሰልፍ በሚመለከት

ሰብሳቢዋ ጉዳዩን ሲያቀርቡ፣ ሕንፃው ከተከፈተ ስምንት ዓመት እንደሆነው፣ ሦስት ሊፍቶች እንዳሉትና እያንዳንዳቸው አሥራ ስድስት ሰው እንደሚይዙ አስረዱ። ይሁን እንጂ በየጠዋቱ የሚሠራው ሰልፍ የመግቢያውን አዳራሽ ሞልቶ፣ በተዘዋዋሪው በር ወጥቶ፣ ሜትሮ ጣቢያው አፍ ላይ ይደርሳል። በዚህ ሳምንት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ስለጣለ ሠራተኞች ጃንጥላ ዘርግተው ተሰልፈዋል። የሊፍት ጠጋኞች ተጠርተው መርምረዋል። ያገኙት ጉድለት፣ ሊፍቱ ሰው የማይገባበት መሆኑ ብቻ ነው።

የነገሩ አካሄድ ለቃለ ጉባኤው ያህል እንዲህ ተብራራ። ሊፍቱ ይከፈታል። ከሰልፉ ፊት ያለው ሰው ይገባል። ሁለተኛው ሰው በዚያችው ቅጽበት ጎንበስ ብሎ የጫማ ክሩን ማሰር ይጀምራል፤ በሩ ሲዘጋ ቀና ይላል። ቀጣዩ ሊፍት ሲመጣ እሱ ይገባና የሦስተኛው ሰው ክር ይፈታል። ክር የሌለው ጫማ ያደረገ ሰው ቁልፍ ይፈልጋል። ጸሐፊውም ዛሬ ጠዋት ክሩን አስሯል። የዛሬው ጫማው ባለ ዚፕ ነው።

ወ/ሮ ፒርኮ ከምሥራቁ፣ ከካሬሊያ ወገን ስለሆኑ ሳይጠየቁ የሚናገሩ መሆናቸው የታወቀ ነው። ቃላቸው እንዳለ እንዲጻፍላቸው ጠይቀው እንዲህ አሉ፦ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ? እዚህ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሳውና ውስጥ፣ ራቁታችሁን ትከሻ ለትከሻ ገጥማችሁ ስታልቡ አታፍሩም። ካፖርት ደርባችሁ፣ ሻርፕ ጠምጥማችሁ ሊፍት ውስጥ ጎን ለጎን መቆም ነው የሚያሳፍራችሁ?»

አቶ ላውሪ ሲመልሱ ሁለቱ ነገሮች እንደማይገናኙ አስረዱ። እንደ አነጋገራቸው፣ ሳውና የገባ ሰው ልብሱን ብቻ ነው የሚያወልቀው፤ ሊፍት የገባ ሰው ግን የአየሩን ሁኔታ የሚጠይቀው ሰው ሊያጋጥመው ይችላል። አባላቱ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ፤ አንዳንዶችም ሽምቅቅ አሉ።

አቶ ላውሪ በመቀጠል፣ ሰዎች አንድ በአንድ መሳፈራቸው ልማድ ከሆነ ዘንድ ልማዱን ከመዋጋት በደንብ ማጽናት እንደሚሻል አሳሰቡ። ወለሉ ላይ በሁለት ሜትር ርቀት ቢጫ መስመር ይለጠፍ፤ ተራውም በመጣበት ሰዓት ሳይሆን በሕንፃው ውስጥ ባለው የአገልግሎት ዘመን ይሁን አሉ። ሰብሳቢዋ፣ ነባሩ ሠራተኛ ገና ከቤቱ ካልወጣ ምን ይደረጋል ብለው ጠየቁ። አቶ ላውሪ ይጠበቃል አሉ። ፈቃድ ላይ ቢሆንስ ተባሉ። ፈቃዱ ከአራት ሳምንት ካላለፈ ይጠበቃል ሲሉ መለሱ።

ዝምታ ሆነ። ሰብሳቢዋ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ መጽደቁን ሊያስታውቁ ሲሉ ወ/ሮ ፒርኮ፣ የእሳቸው ዝምታ የመስማማት ሳይሆን የንዴት ነው በማለት ተቃወሙ። በዚህ ጊዜ የዝምታው ዓይነት እንዲጣራ በአቶ ላውሪ ተጠየቀ። ዝምታው የስምምነት ነው የሚል እጁን እንዲያወጣ፣ የንዴት ነው የሚልም እንዲሁ እንዲያደርግ ተባለ። ማንም እጁን አላወጣም። ሁሉም ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም እንደሚባለው ዝምታው ምንም ሳይሆን እዚያው ቆየ። በመጨረሻ ከግድግዳው ወዲያ ሰው በጋለው የሳውና ድንጋይ ላይ ውኃ ሲደፋና ሲንሿሿ ስለተሰማ፣ ሰብሳቢዋ ድምፁን እንደ ማጽደቂያ ቆጥረውታል።

ውሳኔ አንድ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ በአንድ ሊፍት አንድ ሰው፣ በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል እንዲሳፈር ተወስኗል።

ሰብሳቢዋ በበኩላቸው፣ ይህ እርምጃ ሰልፉን ሊያረዝመው እንደሚችል ፈርተው ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። የሊፍቱ ሆድ በመጋረጃ ለአራት ይከፈል፤ እያንዳንዱ ሰው ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆኖ ማንንም ሳያይ፣ ማንም ሳያየው ይጓዝ የሚል ነው። ወ/ሮ ፒርኮ «ሊፍት ነው ወይስ የምርጫ ጣቢያ?» ሲሉ ጠየቁ። ጉባኤው ግን ወደ መጋረጃው ቀለም አልፎ ነበር። ቀላል ግራጫና ጠቆር ያለ ግራጫ ቀረቡ። ክርክሩ ከሮ፣ አቶ ላውሪ ጠቆር ያለው ግራጫ በዚህ ወር ሰማይ ላይ የሞላ ነገር ስለሆነ ተጨማሪ አያስፈልግም እስከ ማለት ደረሱ። በሰብሳቢዋ አስታራቂነት መካከለኛ ግራጫ ተመረጠ።

ውሳኔ ሁለት፦ መጋረጃ ይሰቀል።

ወ/ሮ ፒርኮ በዚህ ጊዜ ትዕግሥታቸው እንዳለቀ ገለጹና «እንዲያውስ እኔም አንድ ሐሳብ ላዋጣ። ማውራት የማይፈልግ ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ ‹አታናግሩኝ› የሚል ምልክት ይለጥፍ፤ እናርፋለን» አሉ። የተናገሩት በምፀት መሆኑን ጸሐፊው ከፊታቸው ተረድቷል። ሌሎቹ ግን ማስታወሻ መያዝ ጀመሩ። ሰብሳቢዋ ሐሳቡን እጅግ ጠቃሚ ሲሉ አመሰገኑ። አቶ ላውሪ፣ ምልክቱ በሕንፃው ላለ ሰው ሁሉ ስለሚያስፈልግ ወጪው እንደሚበዛ ጠቁመው፣ በተቃራኒው ማውራት የሚፈልግ ሰው ብቻ ቢለጥፍ ይሻላል ብለው አሻሻሉት። በሐሳቡ አመንጪ ተቃውሞና በሌሎቹ ድጋፍ ጸድቋል።

ውሳኔ ሦስት፦ «አናግሩኝ» የሚል ምልክት ይታዘዝ። ብዛት አንድ። ለወ/ሮ ፒርኮ።

4. የወ/ሮ አውነን ዝውውር በሚመለከት

ሰብሳቢዋ እንዳስታወቁት፣ የ17ኛው ፎቅ ኩባንያ ወ/ሮ አውነን ወደ ላህቲ ከተማ ቅርንጫፉ ሊያዛውራቸው ነው። ዝውውሩን የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። የላህቲው ቢሮ ፎቅ የለውም። ስምምነቱ የሚፈረመው ነገ ዓርብ ጠዋት ነው። ወ/ሮ አውነ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ወደ 17ኛ ፎቅ በእግራቸው ስለሚወጡ፣ ኩባንያው ምክንያቱ የሊፍቱ ሰልፍ መሆን አለበት ብሎ ገምቶ፣ ኮሚቴው አንድ ነገር አድርጎ እኚህን የመሰሉ ሠራተኛ እንዲያስቀርለት ጠይቋል። ነገ ከተፈረመ የሚቀር ነገር የለም፤ የአቶ ሬይኖ ፊት ለፊትም ባዶ ወንበር ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰብሳቢዋ አልተናገሩትም። ጸሐፊው ነው ያስገባው።

ወ/ሮ አውነ አስተያየት እንዲሰጡ ተጋበዙ። ለጊዜው የሚሉት እንደሌላቸው ገለጹ።

በሳህኑ ላይ አንድ ፑላ ቀርቶ ነበር። እንደሚታወቀው የመጨረሻውን ፑላ አንሥቶ የሚበላ ሰው በመካከላችን የለም። ሰብሳቢዋ ግማሹን ቆርጠው ወሰዱ፤ አቶ ላውሪ የግማሹን ግማሽ ወሰዱ፤ ጸሐፊው የቀረውን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወሰደ። ሳህኑ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራሽ ቀርታ ማንም ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሣም።

አቶ ሬይኖ በዚህ ጊዜ እጃቸውን አወጡ። በኮሚቴው ታሪክ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ሰብሳቢዋ መስኮት ይከፈት የሚሉ መስሏቸው፣ የዚህ ሕንፃ መስኮት እንደማይከፈት አስረዱ። አቶ ሬይኖ ጉዳዩ መስኮት እንዳልሆነ ተናገሩ። ከነገ ጀምሮ እሳቸው ራሳቸው በደረጃ እንደሚወጡ፣ የሊፍት ተራቸው በቋሚነት ለወ/ሮ አውነ እንዲተላለፍ፣ እሳቸውም ሌላ የሚጠይቁት ነገር እንደሌለ ወደ ጠረጴዛው እያዩ አመለከቱ።

ወ/ሮ ፒርኮ «አንተ ሰውዬ፣ አሥራ ሰባት ፎቅ ነው እኮ። በዚህ ዕድሜህ ልብህ ይችለዋል?» ሲሉ ጠየቁ። አቶ ሬይኖ ልባቸው መቻል የለመደ መሆኑን መለሱ።

ዝምታ ሆነ። የዝምታው ዓይነት አልተጣራም።

ውሳኔ አራት፦ የአቶ ሬይኖ የሊፍት ተራ ለወ/ሮ አውነ ተላልፏል።

ይህ ውሳኔ ተነብቦ ሳያልቅ ወ/ሮ አውነ እጃቸውን ዘርግተው የቀረችውን የፑላ ቁራሽ አነሡና በሉ። በአዳራሹ ከፍተኛ ድንጋጤ ታየ። አቶ ላውሪ እስክሪብቶ ጣሉ። ወ/ሮ አውነ አፋቸውን በናፕኪን ጠርገው፣ ቃላቸው አንድም ሳይቀር እንዲጻፍ ጠይቀው የሚከተለውን ተናገሩ።

«ጉልበቴ ደህና ነው። ሰልፉም ግድ አልሰጠኝም፤ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው ያደግሁት። በደረጃ የምወጣው በሰው ምክንያት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሊፍት ገብቶ እኔ ስመጣ ካየ ይወጣል። ‹ይሂዱ፣ ይሂዱ› ብሎኝ ይወጣል። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ኮሪደሩ ላይ መሆኔን ሰምቶ ከበሩ ኋላ ቆሞ እስክሄድ ይጠብቃል። ከበሩ ሥር ጥላው ይታየኛል። መጀመሪያ ምን አድርጌው ይሆን አልኩ። ቀጥሎ ሽታ አለኝ ማለት ነው ብዬ ሽቶዬን ለወጥኩ። በኋላ ጭራሽ መቀባቱንም ተውኩት። ቢቸግረኝ ደረጃውን ያዝኩ፤ ያም አልበቃም። ይኸው አሁን ደግሞ እኔን ላለማየት አሥራ ሰባት ፎቅ በእግሩ ሊወጣ ነው። በድምፅ አጽድቃችሁለታል። እንግዲህ እኔ ላህቲ እሄዳለሁ፤ እሱም ይረፍ፣ እኔም ልረፍ።»

ስም አልጠሩም። ሆኖም አባላቱ በሙሉ ዓይናቸውን ወደ ባዶው ሳህን መለሱ። አቶ ሬይኖ ፊታቸው ከውጭ ካለው ሰማይ ጋር አንድ ዓይነት ሆነ፤ ጸሐፊው በተለምዶ የሚስቅባቸው ሰው ቢሆንም በዚያች ሰዓት አንጀቱን በልተውታል።

አቶ ሬይኖ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ማብራሪያ አለኝ አሉ። አቶ ላውሪ በሥነ ሥርዓት ጥያቄ አቋረጧቸው። ማብራሪያ የሚባል ነገር በአጀንዳው እንደሌለ፣ በአጀንዳው ያለው ዝውውር ብቻ መሆኑን፣ ማብራሪያ መስጠት የፈለገ አባል ከሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ማቅረብ እንደነበረበት አስታወሱ። ወ/ሮ ፒርኮ «ሁለት ሳምንት? ስምንት ዓመት አፍኖ የያዘው ሰውዬ ገና ዛሬ አፉን ሲከፍት አንተ ልትዘጋው?» ብለው ጮኹ። ወዲያውም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወ/ሮ አውነ «ምኑን ነው ያፈነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው በጽሑፍ ባለመቅረቡ መልስ አላገኘም። አቶ ሬይኖ ተመልሰው ተቀመጡ።

ውሳኔ አምስት፦ የአቶ ሬይኖ ማብራሪያ ለጃንዋሪ ወር ስብሰባ ይተላለፍ። በሦስት ድጋፍ፣ በወ/ሮ ፒርኮ ተቃውሞና በሁለት ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል። ጸሐፊው ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባውም፤ ምናልባት ሰብሳቢዋና አቶ ላውሪ እጅ ሲያወጡ አይቶ ነው።

ከ10፡00 ሰዓት በኋላ አዳራሹ የሳውናው ማረፊያ ስለሚሆን፣ የ6ኛው ፎቅ የሒሳብ መርማሪዎችም ሳውናው ውስጥ ከገቡ ስለቆዩ፣ ስብሰባው ከቀኑ 9፡55 ተዘግቷል።

5. ከመዝጊያው በኋላ የሆነው

ጸሐፊው ይህን ክፍል ለማስገባት ሥልጣን እንዳለው እርግጠኛ አይደለም።

አባላቱ ሊፍቱ ፊት ለፊት በውሳኔ አንድ መሠረት ተሰለፉ። ቢጫው መስመር ገና ስላልተለጠፈ አቶ ላውሪ ሁለት ሁለት ሜትሩን በጃንጥላቸው ለኩ። ከፊት አቶ ላውሪ፣ ቀጥሎ ሰብሳቢዋ፣ ቀጥሎ ወ/ሮ ፒርኮና ጸሐፊው፣ ከዚያ ወ/ሮ አውነ፣ ከሁሉም ኋላ ተራቸውን የሰጡት አቶ ሬይኖ ቆሙ። ወ/ሮ አውነ ወደ ደረጃው ለመሄድ ሞክረው ነበር። ውሳኔ አራት የሊፍት ተራ የሰጣቸው በመሆኑ ተራውን አለመጠቀም የኮሚቴውን ውሳኔ መጣስ እንደሆነ ተነግሯቸው ተመለሱ።

ሊፍቱ በመምጣት ላይ ሳለ የሳውናው በር ተከፈተ። የ6ኛው ፎቅ የሒሳብ መርማሪዎች በረንዳው ላይ ሊቀዘቅዙ በእኛ በኩል ወጡ። ወገባቸው ላይ ፎጣ፣ ትከሻቸው ላይ እንፋሎት ነበር። ከመሐላቸው አንዱ ከእኛ ጋር የዓይን ለዓይን ግንኙነት ካደረጉ በኋላ «ደህና ዋላችሁ? ዛሬ ብርድ ነው አይደል?» አሉ።

ሊፍቱ በዚያችው ቅጽበት ተከፈተ። በምን ዓይነት ቅደም ተከተል እንደተገባ ለማጣራት አልተቻለም። አቶ ላውሪ ሰብሳቢዋን ሳይገፏቸው እንዳልቀሩ ይነገራል። ጸሐፊው ሲነቃ ጀርባው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ፣ የወ/ሮ ፒርኮ ባዶ የፑላ ቅርጫት ሆዱ ላይ ሆኖ አገኘው። አምስት ሰዎች በአንድ ሊፍት ውስጥ ነበርን። ከሕንፃው መከፈት ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

አቶ ሬይኖ አልገቡም። ወ/ሮ አውነ ውስጥ መሆናቸውን ሲያዩ እግራቸው እንደለመደው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። እጃቸውም እንደለመደው ተነሣ። «ይሂዱ፣ ይሂዱ፣ እኔ እከተላለሁ» አሉ።

በሩ መዘጋት ጀመረ። ጸሐፊው የበሩን መክፈቻ ተጭኖ ያዘ። ስለ ድርጊቱ ውሳኔ አልነበረም።

ወ/ሮ አውነ «ሬይኖ» አሉ። በዚህ ስም ብቻ፣ ያለ «አቶ»፣ ሲጠሯቸው ማንም ሰምቶ አያውቅም። «እውነቱን ንገረኝ። እሸታለሁ?»

አቶ ሬይኖ ፎጣ የለበሱት ሰዎች ቆመው እያዩዋቸው፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው እየጠመዘዙ፣ የተናገሩትን ጸሐፊው እንደሰማው እዚህ ያሰፍራል። «የለም። የለም፣ አንቺ እንዴት... እኔ ላንቺ ብዬ ነው። ሰው ብቻውን ሊፍት ሲያገኝ ደስ ይለዋል አይደል? ከሁሉ የማከብረው ሰው አንቺ ነሽ። ታዲያ ሌላ ምን ልስጥሽ? ያለኝን ነው የሰጠሁሽ። ሊፍት ነው የሰጠሁሽ። ከበሩ ኋላ የምቆመውም ስትሄጂ ኮቴሽን ልሰማ ነው። ከአንቺ ጋር አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ አብሬሽ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ... እንግዲህ ይኸው ነው።»

በሊፍቱ ውስጥ ማንም የጫማ ክር አላሰረም።

 ወ/ሮ አውነ «አንተ ጅል፣ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ዝም ብለህ ብትገባ ምን ነበረበት?» አሉ።  ቀጥለውም ትከሻቸውን ጠበብ አድርገው ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን አሉ። «ግባ። ቦታ አለ።»

አቶ ሬይኖ ገቡ።

በሩ ተዘጋ። ሊፍቱ አልተንቀሳቀሰም፤ የትኛውም አባል የፎቅ ቁጥር ስላልነካ። ወ/ሮ ፒርኮ አፍንጫቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ፣ ስድስቱም አባላት በአንድ ቦታ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አሳሰቡ። ሰብሳቢዋ ወደ አቶ ላውሪ ተመለከቱ። አቶ ላውሪ ጣሪያውን እያዩ፣ ደንቡ የሚናገረው ስለ አዳራሽ እንደሆነ፣ ስለ ሊፍት የተጻፈ ነገር እንደማያስታውሱ፣ ቢኖርም ዛሬ እንደማይፈልጉት ገለጹ። ስብሰባው እንደገና ተከፈተ።

ውሳኔ ስድስት፦ ከውሳኔ አንድ እስከ ውሳኔ አምስት ያሉት በሙሉ ተሽረዋል። መስመሩ አይለጠፍም፤ መጋረጃው አይሰቀልም፤ ምልክቱ አይታዘዝም፤ ተራው አይተላለፍም፤ ማብራሪያው እስከ ጃንዋሪ አይቆይም። በምትካቸው፦ ቦታ ካለ ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም አባላት በአፋቸው «እሺ» ብለው ድምፅ ሰጥተዋል።

ጸሐፊው፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከተሻረ የእሱም ምርጫ አብሮ መሻሩን እንዲያረጋግጡለት ጠየቀ። ዝምታ ሆነ። የአረጋጋጮቹ ምርጫ ግን እንዲጸና ወ/ሮ ፒርኮ አጥብቀው ስላሳሰቡ ጸንቷል።

ከዚህ በኋላ ሰብሳቢዋ የምድር ቤቱን ቁጥር ነኩ። ሊፍቱ ሲወርድ አንድ አባል ስለ አየሩ ሁኔታ ተናገረ። ሌላው መለሰለት። ጉዳት አልደረሰም።

ምድር ቤት ሲደረስ ስብሰባው ከቀኑ 10፡15 ሰዓት ተዘግቶ አራት አባላት ወረዱ። ሁለቱ አረጋጋጮች ግን አልወረዱም። ቃለ ጉባኤውን አንብበው ሊያረጋግጡ ወደ 17ኛ ፎቅ መመለስ እንዳለባቸው ተናግረው፣ በሩ ተዘግቶ አብረው ወጡ። በዚያ ሰዓት ቃለ ጉባኤው ገና አንድ መስመር አልተጻፈም ነበር።

ጸሐፊ፦ ኦስሞ ካርፒነን

አረጋጋጮች፦ አውነ ሳሎካንጋስ፣ ሬይኖ ቩኦሬላ
ዓርብ ጠዋት፣ ለላህቲው ስምምነት ተይዞ በነበረው ሰዓት ተፈርሟል።

በአረጋጋጮቹ ጥያቄ የገቡ እርማቶች፦

ወ/ሮ አውነ፣ ላህቲ የሚለው ቃል በሚገኝበት ሁሉ የማይሄዱበት ከተማ ተብሎ እንዲነበብ አሳስበዋል።

አቶ ሬይኖ በተራ ቁጥር 4 ላይ፣ ስለ ሽቶው በተነገረው ቦታ፣ የሚከተለው እንዲጨመር ጠይቀዋል፦ የመጀመሪያው ሽቶ ጥሩ ነበር። ሁለተኛውም።